የጠባቧ መስኮት መጋረጃ

ባለፈው እሑድ ሜፕልዉድ ውስጥ ለሽያጭ የቀረበ ቤት ልናይ በሩን ገፋ አድርገን ስንገባ፣ የቀረፋ ብስኩት ሽታ ከወጥ ቤቱ ተነሥቶ መጥቶ አፍንጫዬ ላይ አረፈና፣ ሠላሳ ዓመት ያለፈኝ ሴትዮ፣ ጫማዬን እያወለቅኩ ባለሁበት፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆንኩ። ባለቤቴ የጣሪያውን ዕድሜ ይጠይቃል፣ እናቴ የቁም ሳጥኑን በር እየከፈተች ትዘጋለች፣ እኔ ግን አንድ እግሬ በጫማ አንዱ በካልሲ እንደሆነ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። በልጅነቴ የሚሸጥ ቤት ሁሉ እንዲህ ይሸት ነበር። ሻጮች ገዢ ሊመጣ ሲል ብስኩት ምድጃ ውስጥ የሚከቱት ቤቱ ሆድ እንዲያባባ ብለው መሆኑን ያወቅኩት ብዙ ቆይቼ ነው፤ ያኔ ግን በየቤቱ እኛ ስንገባ የምትደበቅ አንዲት ደግ አሮጊት ያለች ይመስለኝ ነበር፣ እየዞርኩም ከየበሩ ጀርባ እፈልጋት ነበር።

የምንኖረው ኒው ሆፕ የምትባል ከተማ ነበር፣ ባለ ሦስት ፎቅ አፓርትመንት ውስጥ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ። እማዬ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነርሲንግ አሲስታንት፣ የነርስ ረዳት፣ ነበረች፤ አባዬ ጎረቤት ከተማ ፍሪድሊ ሄዶ የሕክምና ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ነበር። ከኛ በር ፊት ለፊት እትዬ ጽጌና ባሏ ጋሽ ሙሉጌታ ይኖሩ ነበር፤ እሷ ልብስ ሰፊ፣ የሙሽሮች ቀሚስ ስታጠብብና ስታሳጥር የምትውል፣ እሱ የተማሪዎች አውቶቡስ ነጂ። ልጃቸው ቤቲ እኩያዬ ነበረች፣ በዕድሜም በክፍልም በቁመትም። በበረዶው ወራት የሁለቱ ቤት በር አይዘጋም ነበር፤ ኮሪደሩ ሳሎናችን ሆኖ፣ እኔና ቤቲ ምንጣፉ ላይ ተጋድመን ስንሥል፣ የልብስ ስፌት መኪናው ድምፅ ከዚያኛው በር፣ የማሞቂያው ማፏጨት ከዚህኛው በር እየመጣ ጆሯችን ላይ ይገናኝ ነበር። ውጪው ነጭ፣ ሰማዩም ነጭ፣ መስኮቱ ራሱ በረዶ ለብሶ ስለሚነጣ፣ ከዚያ ኮሪደር ሌላ ዓለም ያለ አይመስለኝም ነበር።

እዚያ ኮሪደር ላይ የማይነገር ነገር አልነበረም። ዶሮ የት እንደረከሰ፣ የትኛው መጦሪያ ለቅዳሜ ሺፍት አብልጦ እንደሚከፍል፣ መንጃ ፈቃድ ለመፈተን ስትሄድ ቆጣ ቆጣ ከሚለው ሰውዬ ይልቅ መነጽር ያደረገችው ሴትዮ እንድትደርስህ በስንት ሰዓት መሰለፍ እንዳለብህ፣ ሁሉም ከበር ወደ በር ይሻገር ነበር። እማዬ የበረዶ ጫማ በግማሽ ዋጋ ካገኘች የራሷን እግር እንኳ ሳትለካ እዚያው ሱቅ ውስጥ ቆማ ለእትዬ ጽጌ ትደውል ነበር። «ጽጌዬ፣ ቶሎ ድረሺ፣ ሰው ሳይጨርሰው!»

ትልቅ ነገር ሲሆን ግን ሌላ ሕግ ነበር። እርግዝና ሆድ እስኪገፋ፣ ጉዞ አውሮፕላኑ እስኪነሣ፣ አዲስ ሥራ የመጀመሪያው ደመወዝ እስኪገባ አይነገርም ነበር። እትዬ ጽጌ አንድ ጊዜ አዲስ አበባ መሄዷን ያወቅነው እዚያ ደርሳ ስትደውልልን ነው፤ እማዬ ትቀየማለች ብዬ ስጠብቅ፣ «ደግ አደረገች» ብላ ሳቀች። ነገር ሳይያዝ ከተወራ ዓይን ይበላዋል ትል ነበር። እትዬ ጽጌን እንደ እህቷ ታምናት ነበር፤ ወሬው ከእህት ወደ እህት ሲሻገር መንገድ ላይ የሚያገኘውን ግን አታምነውም ነበር።

በረዶው መቅለጥ ጀምሮ የጣሪያው ጫፍ ጠብ ጠብ ማለት ሲይዝ፣ እኛም ቤት መፈለግ ጀመርን። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ወጥተን፣ እማዬ ነጠላዋን አጣጥፋ መኪናው ውስጥ ትታ፣ አባዬ ካርታውን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ ኦፕን ሃውስ፣ ገብታችሁ እዩ፣ የሚል ታፔላ የተተከለበትን ሣር ሁሉ እየተከተልን እንዞር ነበር። መኪናው ሳይነሣ እማዬ ወደ ኋላ ዞራ ታየኝና፣ «ሊና፣ ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ። ለቤቲም ቢሆን። ሰማሽ?» ትለኝ ነበር። ሰማሁ እል ነበር። ምስጢሩ ደግሞ ደስ ይለኝ ነበር፣ ጉንጬ ውስጥ እንደያዝኩት ከረሜላ።

ያቺን ቤት ያገኘናት ሚያዝያ ውስጥ፣ ፍሪድሊ፣ ወንዙ አጠገብ ነው። ግራጫ ቤት ናት፣ በሯ ሰማያዊ፤ ወጥ ቤቷ ውስጥ ቁመት እንጂ ስፋት የሌላት አንዲት ጠባብ መስኮት ነበረች፣ በዚያች በኩል የፖም ዛፍ ይታያል። እማዬ ዕቃ ማጠቢያው ፊት ቆማ በመስኮቷ ስታይ ትከሻዋ ዝቅ አለ፤ እናቴ ትከሻዋን እንዲያ ዝቅ አድርጋ ስትቆም አይቻት አላውቅም ነበር። እኔ ወደ ቤዝመንቱ፣ ወደ ምድር ቤት፣ ወርጄ ደረጃው ሥር አንዲት አነስተኛ በር ስከፍት፣ ልጅ ብቻ የምትይዝ ክፍል አገኘሁ። ገብቼ በሩን ስዘጋው ጣሪያው በራ። ባለቤቷ አሮጊት ለልጆቿ የለጠፈቻቸው የፕላስቲክ ኮከቦች ነበሩ፣ ልጆቹ አድገው ሄደው ኮከቦቹ ቀርተዋል። በጀርባዬ ተጋድሜ አየኋቸው። ከላይ የሰው እርምጃ ይሰማል፣ የአባቴ ድምፅ ከሩቅ ስሜን ይጠራል፣ የቀረፋው ሽታ በደረጃው ቀስ እያለ ይወርዳል፤ እኔ ውኃ ላይ እንደተንሳፈፈ ሰው ሆኜ፣ እዚህ ነው የምኖረው፣ ቤቴ ይሄ ነው አልኩ። ቤት አይቼ እንዲያ የተመኘሁት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የለም።

በሳምንቱ እትዬ ጽጌ ቤት ሄጄ ስገባ፣ ቢጫ ጨርቅ ከስፌት መኪናዋ ሥር እየወጣ ጭኗ ላይ ሲፈስ አገኘኋት፤ ረጅምና ቀጭን ጨርቅ፣ ጠርዙ ላይ ትንንሽ ነጭ አበባ የተጠለፈበት። «የማን ነው?» ብላት፣ «የደንበኛ ነው» አለችና ለብቻዋ ፈገግ አለች። ቤቲ እጄን ይዛ ጠረጴዛው ሥር አስገባችኝ፣ ጨርቁ እንደ ድንኳን ዙሪያችንን ወርዶ ነበርና ብርሃኑ ቢጫ ነበር። በእንግሊዝኛ፣ በጆሮዬ፣ «ብነግርሽ አትናገሪም?» አለችኝ። አልናገርም አልኩ። «ቤት ልንገዛ ነው። ደረጃው ሥር የኔ ክፍል አለ። ኮከብ አለው።»

አፌን ከፈትኩ፣ ዘጋሁት። እማዬ ትንፍሽ እንዳትዪ ብላኛለች ብዬ ነው እላለሁ፣ ለዓመታትም ለራሴ እንዲያ ነበር የምነግረው፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው። ኮከቦቹን ፈልጌያቸው ነበር።

ቤት የምታፈላልግልን ኤጀንታችን ደውላ ከኛ ሌላ አንድ ቤተሰብም ለዚያችው ቤት ኦፈር፣ ማለት የመግዣ ዋጋ፣ ማስገባቱን፣ አሮጊቷም ሁለታችሁም የመጨረሻ ዋጋችሁን እስከ ነገ ላኩልኝ ማለቷን ስትነግረን፣ አባዬ «ማን ነው ሌላው?» አለ። መናገር አይፈቀድልኝም አለችው፤ ብቻ ጥሩ ቤተሰብ ነው። ስልኩ ሲዘጋ አባዬ ተነሥቶ ሳሎኑን ይዞር ጀመር። «ሐኪም ነው» አለ። «በቃ ሐኪም ነው፣ ታየኝ። ጀልባም አለው፣ ለዚህ ነው ወንዝ ዳር የፈለገው።» እማዬም ቀበል አድርጋ፣ «ውሻም ይኖራቸዋል፣ የፖሙን ሥር ሁሉ ሲቆፍር ሊውል!» አለች፣ ውሻው ከወዲሁ ግቢዋ ውስጥ የገባ ይመስል ተናዳ። ያልተወለደ ውሻ ተጠላ፣ የሌለ ጀልባ ታማ። በማግሥቱ ጠዋት ትምህርት ቤት ስንሄድ ቤቲ ደግሞ አባቷ የሚወዳደራቸው ኢንጂነር መሆኑን እንደ ደረሰበት ነገረችኝ። ሁለት ቤተሰብ፣ መሐላቸው አራት እርምጃ የማይሞላ ምንጣፍ፣ በዚያኛውም በዚህኛውም በር ከሌለ ሰው ጋር ይታገል ነበር።

ቤቲ የነገረችኝ ይህን ብቻ አልነበረም። አባቷ የመጨረሻውን ቁጥር መወሰኑን፣ ከዚያ በላይ አንዲት ዶላር እንደማይጨምር፣ ቁጥሩም ስንት እንደሆነ ነገረችኝ። የምትነግረው ለጓደኛዋ ነበርና ድምፅዋን እንኳ አልቀነሰችም።

ከትምህርት ቤት ስመለስ አባዬ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ይጠብቀኝ ነበር፤ የእንግሊዝኛ ኢሜይል ሲሆን የምጽፍለት እኔ ነበርኩ፣ ፊደል ይገደፋል ብሎ ስለሚፈራ። ቁጥሩን ነገረኝ። ከቤቲ አባት ቁጥር ያንሳል። ጣቴ ቁልፎቹ ላይ ቆመ። እማዬ፣ «ይበቃል ተፈራ፣ ከዚህ በላይ አቅማችን አይደለም» አለችው፤ እሱም ለመሳቅ ያህል ወደኔ ዞሮ፣ «እስቲ ሊናዬ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?» አለኝ።

«ትንሽ ጨምር አባዬ።»

«ስንት?»

ነገርኩት። ከቤቲ አባት በጥቂት የምትበልጥ ቁጥር ነበረች። አባዬ ቅንድቡን ከፍ አድርጎ፣ «ይቺን ደግሞ ከየት አመጣሻት?» ሲለኝ፣ «ዝም ብዬ ነው» አልኩ። እማዬን አየት አደረጋት። «የልጅ አፍ ነው፣ አልማዝ» አለና፣ እማዬም አማተበች፣ እኔም ጻፍኩ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚያስፈልገው፤ ሌላው ቤተሰብ እነ እትዬ ጽጌ ናቸው ብል ሁሉም እዚያው ያበቃ ነበር። በርግጥ ያኔ ደግሞ እናንተ ውሰዱት፣ ኧረ በፍጹም፣ በሞቴ እናንተ ውሰዱት ሲባባሉ ቤቱን እውነተኛ ሐኪም ይወስደው ይሆናል፣ ማን ያውቃል። እኔ ግን አላልኩም። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ያደረግኩትን ግን አሳምሬ አውቀው ነበር።

ቤቱ የኛ ሆነ። በዚያው ሳምንት ከፊት ለፊት በር የስፌት መኪናው ድምፅ ጠፋ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን ጸጥ አለ፤ እማዬ ስታዳምጥ ቆይታ ሾርባ ሠርታ ይዛላት ሄደች። በሩ ተከፍቶ ስለነበር ይሰማኝ ነበር። «ምን ሆነሽ ነው ጽጌዬ? አሞሻል እንዴ?» «ኧረ ደኅና ነኝ፣ ድካም ነው።» እማዬ ለማን ሾርባ እንደወሰደች አታውቅም፤ እትዬ ጽጌ የማንን ሾርባ እንደጠጣች አታውቅም። ሁለቱንም የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ፣ ምንጣፉ ላይ ተኝቼ የምሥለውን እያበላሸሁ።

በጋው ሲገባ፣ የግዢው ውል፣ ክሎዚንጉ፣ አልቆ ቁልፉ እጃችን ሲገባ፣ እማዬ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ለእትዬ ጽጌ ነገረቻት። ቤት ገዛን፣ ፍሪድሊ ነው፣ አለች እንጂ የትኛው መንገድ እንደሆነ አልተናገረችም፣ ያችኛዋም አልጠየቀችም፤ እልል ብላ አቀፈቻት፣ ከልቧ። እነሱም ወር ሳይሞላ ሜፕልዉድ ሌላ ቤት አግኝተው ወጡ፣ ከተማውን ሁሉ አቋርጠህ የምትደርስበት ሌላ ጫፍ። ኮሪደሩ የማናውቃቸው ሰዎች ኮሪደር ሆነ። አዲሱ ቤት ውስጥ እማዬ ያችን የጨመርናትን ለመሸፈን ቅዳሜም ሺፍት መውሰድ ጀመረች፤ ወደ ሥራ ስትወጣ ጠባቧን መስኮት ዞር ብላ ታያት ነበር፣ ለመቆም ግን ጊዜ አልነበራትም። እኔም ደረጃው ሥር ያለችው ክፍል ገብቼ በጀርባዬ ስጋደም ኮከቦቹ ይበሩ ነበር፤ ግን ብቻዬን ሆኜ ከአምስት ደቂቃ በላይ አልችልም ነበር። ኋላ ሻንጣና ሽንኩርት ተቀመጠባት።

ቅጠሉ ሲቀላና ፖሙ መርገፍ ሲጀምር የቤት ምርቃት ተደገሰ። እማዬ አድራሻውን ለሁሉም በስልክ ላከች። እነ እትዬ ጽጌ ሲመጡ በመስኮት አየኋቸው፤ ጋሽ ሙሉጌታ መኪናው ውስጥ ትንሽ ቆየ፣ እሷ ግን ወርዳ ሰማያዊው በር ፊት ቆመች፣ በስስ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር ደረቷ ላይ አቅፋ። ገባች። ሰው ሁሉ እየተሳሳመ፣ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ እየተባባለ ሳለ፣ ቀጥ ብላ ወጥ ቤት ሄዳ ጥቅሉን ለእማዬ ሰጠቻት። ወረቀቱ ሲከፈት ቢጫ ጨርቅ ሆነ፣ ጠርዙ ላይ ነጭ አበባ።

«ውይ ሲያምር! ቆይ ልኩን ልይ» ብላ እማዬ ሜትር ፍለጋ ስትዞር፣ እትዬ ጽጌ፣ «ግዴለም፣ ስቀዪው» አለቻት።

እማዬ ወንበር ላይ ወጥታ ሰቀለችው። ከላይ እስከ ታች፣ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ፣ አንዲት ጣት ሳይበልጥ ሳያንስ ገጠመ። እንደዚያች መስኮት ያለ ቅርጽ የትም የለም፤ በሱቅ መጋረጃ የምትሸፈን መስኮት አልነበረችም። እማዬ ወንበሩ ላይ እንደቆመች፣ እጇም መስቀያው ላይ እንዳለ፣ ቀስ ብላ ዞረች።

«ጽጌ፣ ልኩን በምን አወቅሽው?»

«ሚያዝያ ላይ ለክቼው።»

ሰው ሳሎን ውስጥ ይንጫጫል፣ ወጥ ቤት ውስጥ ግን ፖሙ ሣሩ ላይ ጠብ ሲል ይሰማ ነበር። እናቴ ከወንበሩ ላይ ወደ እሷ ጎንበስ አለች። «ሐኪሙ አንቺ ነሽ?» አለች።

«የቱ ሐኪም?» አለች እትዬ ጽጌ፤ ከዚያ ገባትና፣ «እኛኮ ኢንጂነር ነበር የምንላችሁ!» ብላ ሳቀች። እማዬም ሳቀች፣ ከወንበሩ ላይ ልትወድቅ እስክትል። እየሳቁ ተቃቀፉ፣ ተቃቅፈውም ሳለ ሳቁ ቀስ በቀስ ሌላ ነገር ሆነ። «ምነው ብትነግሪኝ?» አለች እናቴ፣ ፊቷን እትዬ ጽጌ ትከሻ ላይ ቀብራ። «አንቺስ? አንቺስ ምነው ብትነግሪኝ?» ሥራቸው እንደሚያደክም፣ ስንት እንደጨመሩ፣ ስንት ሌሊት እንዳልተኙ፣ ያን ሁሉ እዚያው ሆነው አልተናገሩትም፤ ብቻ ተቃቅፈው ቆሙ።

በሩ ላይ የነበርነው እኔና ቤቲ ነን። መጋረጃውን አየች፣ ቀጥሎ እኔን አየች። ክፍሏ ደረጃው ሥር እንደሆነ ለማን እንደነገረች ታውቃለች፣ ቁጥሩንም ለማን እንደነገረች ታውቃለች። «ታውቂ ነበር፣ አይደል?» አለችኝ በእንግሊዝኛ፣ ሳትጮህ። አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ሄዳ አባቷ ጉልበት ላይ ተቀመጠች፣ ትልቅ ልጅ ሆና። ከዚያም በኋላ ጓደኛሞች ነበርን፣ ልደት አልቀረብንም፣ ዓመት በዓል አልቀረብንም፤ ግን ምስጢር ነግራኝ አታውቅም። ይቅርታ የጠየቅኳት ኮሌጅ ገብተን ነው፤ «ልጆች ነበርን» አለችኝ፣ ይህን ስትል ግን አላየችኝም።

ዛሬ ቤት መፈለግ ሌላ ነው። ስልኬን ብከፍት የሜፕልዉዱ ቤት በፊት በስንት እንደተሸጠ፣ ግብሩ ስንት እንደሆነ፣ ጎረቤቱ የሸጠው በስንት እንደሆነ፣ ስንት ሰው እንዳየው ሁሉ ይነግረኛል፤ አባዬ ካርታ ዘርግቶ ስድስት እሑድ የዞረበትን እኔ ሻይ እስኪፈላ አገኘዋለሁ። ለአንድ ቤት ማን ከማን ጋር እንደሚፎካከር፣ ማን ለየትኛው መስኮት ጨርቅ እንደቆረጠ ግን አይነግረኝም። ያንን አሁንም ሰው ለሰው ካልነገረው አይታወቅም።

ከቤቱ ወጥተን መኪና ውስጥ ገብተን፣ ባለቤቴ «ዛሬውኑ ኦፈር እናስገባ» ሲለኝ፣ አንዴ ጠብቀኝ አልኩትና ለቤቲ ደወልኩ። እሷም ቤት እየፈለገች መሆኑን ከሰው ሰምቻለሁ፣ ከራሷ አይደለም። መንገዱን ነገርኳት፣ የቤቱን ቁጥር ነገርኳት፣ ልንጽፍ ያሰብነውን ዋጋ ሳይቀር ነገርኳት። ከኋላ ወንበር እማዬ፣ «በስመ አብ! ምን ነካሽ አንቺ? ሳይያዝ!» እያለች ትከሻዬን ትጎትታለች። ቤቲ የቤቱን ቁጥር ደግማ ጠየቀችኝ። ከዚያ፣ «አላየሁትም» አለች። «እኔ የማየው ሌላ ነው፣ ሮዝ ጡብ ያለው፣ ከናንተ ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ።» ቀጥላም ዋጋዋን ነገረችኝ፣ ሳልጠይቃት። ከዚያ ከቤት ምርቃቱ ቀን ወዲህ የነገረችኝ የመጀመሪያው ምስጢር ነው፤ እንባዬ መጣ፣ አልደበቅኩትም።

ስልኩን ስዘጋው እማዬ ወደ ውጪ ታይ ነበር። የፍሪድሊው ወጥ ቤት ውስጥ ያ ቢጫ መጋረጃ ዛሬም አለ፣ ዘመን በተለወጠ ቁጥር አውርዳ በእጇ ታጥበዋለች፣ ማጠቢያ መኪና ውስጥ አታስገባውም። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ፣ «የመስኮቶቹን ልክ ወስደሻል?» አለችኝ።

«ኧረ እማዬ፣ ገናኮ አልተያዘም።»

«ይሁና» አለች፣ በሁለቱ ወንበሮች መሐል እጇን ዘርግታ። «ስልኩን ወዲህ በዪ። ለጽጌ ልንገራት።»